የጋሽ ኩማ ፈቃድ

አቶ ኩማ ያን ዕለት ጠዋት ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን የለበሱት ሊከራከሩ ነበር። የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ሠልጥኖና ተፈትኖ የሙያ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ መመሪያ ሊወጣ ነው ተብሎ፣ በረቂቁ ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የማኅበር ኃላፊዎችና ነዋሪዎች መሃል ከተማ ወደሚገኝ አንድ አዳራሽ ተጠርተዋል። እሳቸው ደግሞ የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ለዕድለኞች ከተላለፈ ጀምሮ የባለቤቶች ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ሥራ አስኪያጅም ሆነው፣ ያለ ደመወዝ ሲያገለግሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚህ ዕድሜያቸው እንደ ተማሪ እርሳስ ይዘው ይፈተኑ መባሉ ሲከነክናቸው ሰንብቷል።

ለማያውቃቸው ሰው ቅሬታቸው ኩራት ሊመስለው ይችላል። የሚያውቋቸው ግን እንደዚያ አይሉም። አቶ ኩማ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። መሪውን ከለቀቁ ወዲህ ጉልበታቸውም ጊዜያቸውም ያለው እዚያ ሕንፃ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ደጃፍ ቆመው የሚያስታርቁ፣ የውሃ ፓምፑ ሲበላሽ ጠጋኝ ፍለጋ ከተማው ዳር ቱላ ድረስ የሚሄዱ እሳቸው ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ናዲያ ምጥ ሲይዛት በወንበር ተሸክመው ካወረዷት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። በዚህ ሁሉ ምክንያት በግቢው ውስጥ ቃላቸው እንደ ሕግ ይቆጠራል። አጥር የሚገፋም፣ ግድግዳ የሚበሳም፣ ደረጃ ሥር ዕቃ የሚያከማችም «ጋሽ ኩማ ፈቅደውልኛል» ካለ የሚጠይቀው የለም።

ባጃጅ መጠበቂያው ጋ ሲደርሱ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ቤንዚን ከጠፋ ስለሰነበተ ባጃጆቹ ማደያ ተሰልፈው ነው የሚውሉት። ከዛፉ ጥላ ሥር ሙንተሃ ብቻዋን ቆማለች። ሙንተሃ በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ወተት፣ ሥጋና ቀዝቃዛ መጠጥ የሚሸጡት የአቶ ዩኑስ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የግንባታ ሥራ አመራር ያጠናች ሲሆን፣ በቅርቡ ደግሞ ስለ ሕንፃ አስተዳደር የሚሰጥ ሥልጠና ጀምራለች። ሕፃን ሳለች በአቶ ኩማ ትከሻ ላይ ተቀምጣ ጉዱማሌ አደባባይ የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ የፍቼን በዓል ያየች ልጅ ናትና እንደ አባቷ ታያቸዋለች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ዩኑስ ደኅና አደረ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነው። ባጃጅ እየጠበቁ ከሆነ አይድከሙ፤ እኔም ብዙ ቆሜ የመጣ የለም።»

«እንግዲያው በእግራችን ነዋ። ወዴት ነሽ?»

«ወደ አዳራሹ። ስለ ሕንፃ አስተዳዳሪዎች ፈቃድ ውይይት አለ አይደል?»

አቶ ኩማ መራመድ ጀምረው ቆም አሉ። «አንቺ ደግሞ እዚያ ምን አለሽ?»

«ልደግፍ ነዋ» አለች ሙንተሃ፣ ትንሽ አፍራ።

«እኔ ደግሞ ልቃወም ነው የምሄደው» አሉና ሁለቱም ሳቁ። «በይ መንገዱ ረጅም ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በሰው ፊት ከምንናቆር እዚሁ እንጨርሰው።»

የእግረኛ መንገዱ ላይ ጎን ለጎን እየሄዱ አቶ ኩማ ሐሳባቸውን ዘረዘሩ። ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ነገር እያስረገጡ የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«እኔ ያን ሕንፃ የያዝኩት በፍቅር ነው። ሰው ሲጣላ ወረቀት አያስታርቅም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ፈቃድህን አሳየኝ አይልህም። ደግሞ የተማረ ሰው የሠራውንም አይተናል። ጣራችን ገና ርክክቡ ሳያልቅ ማፍሰስ የጀመረው መሐንዲስ ፈርሞበት ነው። ያ ሰው ፈቃድ አልነበረውም?»

«ነበረው» አለች ሙንተሃ። «በዚህ አልከራከርዎትም። ፈቃድ የያዘ ሁሉ ጎበዝ ነው አልልም፤ ጎበዝ ሁሉ ታማኝ ነውም አልልም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅመናል?»

«ጋሼ፣ አውቶቡስ ሲነዱ መንጃ ፈቃድ ነበረዎት?»

«ያለሱማ ማን መሪ ያስይዘኛል።»

«አንድ ደግ ሰው መጣ እንበል። ተሳፋሪው ሁሉ ይወደዋል፣ ክፉ ነገር አስቦ አያውቅም፤ ግን ነድቶ አያውቅም። ልቤ ንጹህ ነውና ቁልፉን ስጡኝ ቢልዎ ይሰጡታል?»

አቶ ኩማ ፈገግ አሉ። «በዚህ በኩል ትመጫለሽ ብዬ ጠርጥሬ ነበር። አውቶቡስ ግን ይሄዳል ልጄ። ቁልቁለት አለበት፣ ኩርባ አለበት፣ ፍሬን እምቢ ይላል። ሕንፃ ግን የቆመ ነገር ነው። የት ይሄድብኛል?»

«የቆመ ነገርም ሰው ይጎዳል። ጣራው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ስንት ክብደት እንደሚችል እናውቃለን? አዲስ የተተከለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁሉ በአንድ መስመር ሲሠራ ገመዱ ይችለዋል? የከርሰ ምድር ውሃ ማጠራቀሚያውን የሚያጥበው ሰው የውሃ መምጠጫ ሞተር ይዞ ሲገባ በጭሱ እዚያው ታፍኖ ሊሞት እንደሚችል እኔ ራሴ ሥልጠናው ላይ ነው የሰማሁት። ከዚያ በፊት ብጠየቅ ኖሮ፣ ይግባና ይጠበው እል ነበር።»

አቶ ኩማ ባለፈው ክረምት ማጠራቀሚያውን ያሳጠቡበትን ቀን አስታወሱ። ሰውየው በሞተር ሳይሆን በባልዲ ነበር ያጠበው፤ ያም የሆነው ሞተር የሚያከራይ ስላጡ ብቻ ነው። ይህን ግን አልተናገሩም። የሰው ልጅ ክርክር ውስጥ ሳለ ራሱን የሚያስረታውን ነገር ቶሎ አያወጣም፤ እሳቸውም ሌላውን ሥጋታቸውን አስቀደሙ።

«ይሁን። ነገ ግን ፈቃድ አለኝ የሚል ባዕድ ሰው ይመጣና ይሾምብናል። ናዲያ ማን እንደሆነች አያውቅም። ብዙነሽ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት መሆኗን አያውቅም። ለእሱ እኛ የቤት ቁጥር ነን። ይህንንስ ምን ትይዋለሽ?»

«ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። እኔም እፈራዋለሁ። እንዲያውም አዳራሹ ውስጥ ይናገሩልን፤ ሰውየውን የሚመርጠውም የሚያሰናብተውም ማኅበሩ ራሱ ይሁን ይበሉ። ይህን ከእኔ ይልቅ ከእርስዎ ይሰሙታል።» ሙንተሃ ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። «ግን ጋሼ፣ ለእኔ የፈቃድ ትልቁ ጥቅም መሰጠቱ አይደለም። ሊነጠቅ መቻሉ ነው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ሹፌር ሳሉ ጥፋት ቢያጠፉ ትራፊክ ያስቆምዎታል፣ ይቀጣዎታል፤ ሲብስም መንጃ ፈቃዱን ይወስድብዎታል። ተሳፋሪውም ይህን ስለሚያውቅ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ ብሎ ከኋላ ይጮኻል። በእኛ ሕንፃ ግን እርስዎ ቢሳሳቱ ማን ይነግርዎታል?»

«ራሳቸው ነዋሪዎቹ ናቸዋ። አፍ አላቸው።»

«አይነግሩዎትም።»

«ለምን?»

«ስለሚወዱዎት» አለች ሙንተሃ።

አቶ ኩማ የተሰማቸው ቁጣ አልነበረም። በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን ሱቆች እያዩ ጥቂት ሄዱ። ሰው ስለጠላህ ዝም ይልሃል ቢባሉ ይገባቸው ነበር፤ ስለወደደህ ዝም ይልሃል ሲባሉ ግን ነገሩ እንደ ስድብም እንደ ምስጋናም ሆነባቸው።

«የምታውቂው ነገር አለ ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ተናገሪ እንጂ።»

«ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው የቆየሁት። ነገሩ የአባቴም ነው።»

«አልቆጣም።»

«የአባቴ ጀነሬተር ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው እንዳይበላሽ ብሎ ከሕንፃው ጀርባ እንዲያስቀምጠው ፈቀዱለት። ዝናብ እንዳይመታው ብሎ በቆርቆሮ ሸፈነው። ያ ቆርቆሮ ግን የእትዬ ብዙነሽን መስኮት ይዞታል። የመታጠቢያ ቤታቸው የአየር መግቢያም በዚያው በኩል ነው። ጭሱ ወደ ቤታቸው ይገባል።»

«ሽታው ያስቸግራል ማለትሽ ነው?»

«ሽታውስ በተሻለ ነበር። በጭሱ ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ አለ። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያጥወለውለዋል፤ ደም ግፊት ነው፣ ጨጓራ ነው ሲል ይቆይና እንቅልፍ እንደወሰደው ይቀራል። እትዬ ብዙነሽ ሰሞኑን ራሳቸውን እንደሚያማቸው ነግረውኛል። ለጋሽ ኩማ ይንገሩ ስላቸው፣ ጋሽ ኩማ የፈቀዱትን ነገር እኔ እንዴት አፍርሱ እላለሁ አሉኝ። አባቴን ለመንኩት። እሱም ጋሽ ኩማ ፈቅደውልኛል አለኝ። ሥልጠናው ላይ ከተማርኩት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።»

አቶ ኩማ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ከአጠገባቸው ካለው ፎቶ ቤት አንድ ጀነሬተር ተንደቀደቀ። ወዲያው ከማዶው ፋርማሲ ሌላ ተነሣ፤ ከዚያም ከሻይ ቤቱ። መንገዱ በሙሉ በሞተር ድምፅ ተሞላ። ሁለቱም ቆሙ።

«መብራት ጠፋ» አለች ሙንተሃ ዝግ ብላ። ስልኳን አውጥታ አባቷ ጋ ደወለች፤ ይጠራል እንጂ አይነሣም። በጀነሬተሩ ድምፅ መሃል ስልክ እንደማይሰሙ ታውቃለች። «ጋሼ፣ እትዬ ብዙነሽ በዚህ ሰዓት ቤት ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ትንሽ ጋደም ይላሉ።»

አቶ ኩማ ወደ አዳራሹ የሚወስደውን መንገድ አንድ ጊዜ አዩት። «ስብሰባው ይቆይ» አሉና ዞሩ። ከማደያ ቀድቶ የሚመለስ አንድ ባጃጅ ደግነቱ ባዶውን ነበር፤ አቶ ኩማ መሃል መንገድ ገብተው እጃቸውን ሲዘረጉ ሹፌሩ አይቷቸው ቆመ።

ግቢው ሲደርሱ ጀነሬተሩ እየሠራ ነው። ሙንተሃ ወደ አባቷ ሱቅ ስትሮጥ አቶ ኩማ የወይዘሮ ብዙነሽን በር አንኳኩ። መልስ የለም። ስማቸውን ጠርተው ደጋግመው አንኳኩ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። የጀነሬተሩ ድምፅ ቀጥ ሲል፣ አቶ ዩኑስ በነጭ የሱቅ ጋውናቸው ደርሰው ሁለቱ ሰዎች በትከሻ በሩን ገፉት። ቁልፉ ከነክፈፉ ተገንጥሎ በሩ ተከፈተ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ፊት ይገርፋል። መስኮቱ ድምፅ እንዳይገባ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ በጨርቅ ተወትፏል። ወይዘሮ ብዙነሽ ከአልጋቸው ተነሥተው ወደ በሩ ሊመጡ ሞክረው ኖሮ፣ ከአልጋውና ከጠረጴዛው መሃል ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ነጠላቸው ከእግራቸው ጋር ተጠላልፏል። ይተነፍሳሉ፤ ግን ሲጠሯቸው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው መልሰው ይከድናሉ።

«አየር ላይ እናውጣቸው፣ አሁኑኑ» አለች ሙንተሃ። አቶ ኩማና አቶ ዩኑስ ተሸክመው አወጧቸው። ባጃጁ ገና አልሄደም ነበር፤ በዚያው ሆስፒታል ወሰዷቸው።

ያከመቻቸው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ኦክስጅን ካደረገችላቸውና ደማቸውን ካስመረመረች በኋላ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ፣ የጀነሬተር ጭስ እንደመረዛቸው ነገረቻቸው። «ይድናሉ» አለች። «ግን ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን ልነግራችሁ አልችልም ነበር።»

ሐኪሟ ስትሄድ አቶ ኩማ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ግራጫው ሙሉ ልብሳቸው በኖራና በላብ ተበላሽቷል። አቶ ዩኑስ አጠገባቸው ቆመው የሱቅ ጋውናቸውን ቁልፍ ይፈታሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ።

«ጋሽ ኩማ፣ በአላህ ስም እምልልዎታለሁ፣ አላወቅኩም» አሉ አቶ ዩኑስ። «ልጄ ነግራኛለች፤ የልጅነት ፍርሃት መሰለኝ። ነገሩ ክፉ ቢሆን ኖሮ ጋሽ ኩማ አይፈቅዱልኝም ነበር ብዬ አሰብኩ።»

«እኔም ነገሩ ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰው ይነግረኝ ነበር ብዬ አሰብኩ» አሉ አቶ ኩማ። «አንተ በእኔ ተማመንክ፣ እኔ በእነሱ ዝምታ ተማመንኩ። መሃል ላይ የምታውቅ አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷንም አልሰማናትም።»

«ልበ ቅን ሰው ነዎት። ማንም እርስዎን አይወቅስም።»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ ዩኑስ» አሉ አቶ ኩማ። «እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ሹፌር መንጃ ፈቃዱ ይነጠቃል። እኔ ግን ነገ ጠዋት ግቢው ውስጥ ስገባ ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚቀበለኝ።»

ማምሻው ላይ ወይዘሮ ብዙነሽ ነቅተው ትንሽ ሾርባ ጠጡ። አቶ ኩማ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ጠየቁ።

«ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ?» አሉ ሴትዮዋ በደከመ ድምፅ። «ባለቤቴ ሲሞት ድንኳን ውስጥ ከእኔ ጋር ያነጉ ሰው ነዎት። ጠዋት ጠዋት እንዴት አደሩ ብለው በሬን የሚያንኳኩ ሰው ከእርስዎ ሌላ የለኝም። ጭስ ገባብኝ ብዬ እርስዎን ከዩኑስ ጋር ላጣላ? ይልፍ ብዬ ነው።»

«ሊገድልዎት ነበር እኮ።»

«እሱን አላወቅኩም» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ። «ባውቅም ኖሮ እንጃ። እርስዎን እምቢ ማለት ከባድ ነው።»

ከዚያ ሁሉ ክርክር ይልቅ ይህቺ ቃል የአቶ ኩማ ልብ ውስጥ ገባች። እምቢ ሊባል የማይቻል ሰው፣ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ የብዙ ሰው ሕይወት በአንድ እጁ መያዝ እንደሌለበት ያን ጊዜ ገባቸው። ደግነታቸው ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ደግነት የጀነሬተርን ጭስ አያይም፣ የግድግዳን ክብደት አይለካም። የሚያይና የሚለካ ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ዕውቀቱ መኖሩን የሚያረጋግጥ ደግሞ ከግቢው ፍቅርና ይሉኝታ ውጭ የሆነ አካል ያስፈልጋል።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ዩኑስ ማንም ሳይነግራቸው ቆርቆሮውን በእጃቸው አፈረሱት። ጀነሬተሩም ከሕንፃው ርቆ ግቢው ጥግ ላይ፣ ከሁሉም መስኮት ራቅ ብሎ ተተከለ። እስኪተከል ድረስ በነበረው የመብራት መጥፋት ጥቂት ሥጋና ወተት ተበላሸባቸው። አላጉረመረሙም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ለብዙ ሰው የመናገር ዕድል ስላልተዳረሰ በዚያው አዳራሽ ለሁለተኛ ጊዜ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ኩማ የታጠበውን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ፤ ዕድል ሲሰጣቸውም ተነሡ። በአዳራሹ ውስጥ እንደ እሳቸው ለብዙ ዘመን በነጻ ያገለገሉ ሽማግሌዎች ስለነበሩ፣ ከመድረኩ ይልቅ ወደ እነሱ ዞረው ነው የተናገሩት።

«ባለፈው ወደዚህ ስመጣ ይህን ነገር ልቃወም ነበር» አሉ። «እንደ ብዙዎቻችሁ፣ ያለ ደመወዝ ስለፋ ኖሬ እንዴት ተፈተን እባላለሁ ብዬ ነው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ገጠመኝና ሳልደርስ ቀረሁ።» የሆነውን ሁሉ፣ የራሳቸውን ስም ሳይሸፍኑ ተረኩላቸው። «እኔ ፈቃድ የለኝም፤ ግን ፈቃድ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ለግድግዳውም፣ ለታንከሩም፣ ለጀነሬተሩም። የማላውቀውን ነገር ፈቀድኩ። ሰው ስለወደደኝ አልተጠየቅኩም። ስለዚህ ሕንፃ የሚይዝ ሰው ይሠልጥን፣ ይፈተን። የእሳት፣ የኤሌክትሪክ፣ የውሃ ነገር ይወቅ። በየጊዜውም ይታይ። ሲያጠፋ ፈቃዱን የሚወስድ አካል ይኑር፤ ነዋሪውም ቅሬታውን ለዚያ አካል፣ ጎረቤቱን ሳያፍር መናገር ይቻለው።

«ግን የምለምነው አለኝ። ሥልጠናው በአማርኛም በሲዳምኛም ይሁን፤ የሚያውቅ ሰው በቋንቋ ምክንያት አይውደቅ። ድኻ ማኅበርም የሚችለው ይሁን። ሥራ አስኪያጁን የሚመርጠውም የሚያሰናብተውም ባለቤቱ ይሁን እንጂ ከውጭ አይጫንብን። እኛ ሽማግሌዎችም ከቤታችን አንባረር። ማስታረቁን፣ ማጽናናቱን ለእኛ ተዉልን። ይህን ያለ ፈቃድ እንችላለን።»

ይህን ሲሉ አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበም። ሙንተሃ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ስታያቸው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

አቶ ኩማ በዚያ ብቻ አላቆሙም። ራሳቸውም ሙንተሃ የጀመረችውን ሥልጠና ገብተው እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። ጉልበታቸው ወንበሩ ላይ ያስቸግራቸው ነበር፤ የኤሌክትሪኩ ትምህርት ደግሞ ከጉልበታቸው ይብሳል። ፈተናውን ግን አልተቀመጡም። «የማላውቀውን ነገር ለይቼ ማወቅ ፈልጌ ነው የገባሁት፤ እሱን አግኝቻለሁ» አሉ። ከዚያም የነዋሪው ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ፣ በሊቀ መንበርነታቸው ቆይተው ሥራ አስኪያጅነቱ ለሠለጠነና ለተፈተነ ሰው እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። ፈተናዋን አልፋ የነበረችው ሙንተሃ በአብላጫ ድምፅ ተመረጠች።

ከዚያ ወዲህ በሕንፃው ውስጥ የታየውን ለውጥ ነዋሪው ራሱ ይመሰክራል። ደረጃ ሥር ተከማችቶ የነበረው አሮጌ ፍራሽና ጄሪካን ተነሥቶ ሰው እንደልቡ ይወጣል ይወርዳል። በየፎቁ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል፤ እንዴት እንደሚሠራም ልጆች ሳይቀሩ ያውቃሉ። ጣራው ላይ አንዱ ነዋሪ ለብቻው ያስቀመጠው ታንከር ከብዶ ወለሉን እንደሰነጠቀው በጊዜ ተደርሶበት ወረደ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰዉ መናገር መጀመሩ ነው። ወይዘሮ ብዙነሽ እንኳ በአንድ ጉባኤ ላይ ተነሥተው፣ የቆሻሻ መጣያው ቦታ ለበራቸው እንደቀረበ ተናግረዋል። ቦታው ተቀየረ፤ ማንም ከማንም አልተጣላም።

ሙንተሃ ሥራውን በያዘች በዓመቱ የአቶ ኩማ ልጅ ሐዳሳ ልታገባ ሆነ። አቶ ኩማ ለሠርጉ የሚሆን ትልቅ ድንኳን አስመጡና ከግቢው በር ጀምሮ እስከ ሕንፃው ደጃፍ ድረስ ሊያስተክሉ ተነሡ። ከግቢው ሁሉ ሰፊው ቦታ እሱ ነው። ግማሹ ምሰሶ ቆሞ ሳለ ሙንተሃ ከፎቅ ወረደች። አቶ ኩማ ፊት ስትደርስ ቃል ለማውጣት እንደ ተቸገረች ታያቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ቦታ ላይ ድንኳን መትከል አይቻልም።»

ምሰሶ የያዙት ሰዎች እጃቸውን ገታ አደረጉ።

«ለምን ልጄ?»

«አምቡላንስም የእሳት አደጋ መኪናም የሚገባበት መንገድ ይህ ብቻ ነው። ሠርጉ ሦስት ቀን ነው። በሦስቱም ቀን ሕንፃው ውስጥ ሰው አለ። በጎን በኩል ይቻላል፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሰው በሁለት ዙር ይስተናገዳል። እኔ ራሴ ቆሜ አስተናግድልዎታለሁ። እዚህ ግን አልችልም።»

የሠርጉን ዝግጅት ሊረዱ ከመጡት ዘመዶች አንዱ፣ ያቤጽ የሚባል ሰው፣ ጣልቃ ገባ። «ምን ማለትሽ ነው? ይህን ግቢ ግቢ ያደረጉት እሳቸው አይደሉም? አንቺን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ያሳደጉ ሰው ናቸው እኮ። ለእሳቸው ልጅ ሠርግ ነው እምቢ የምትይው?»

የሙንተሃ ፊት ቀልቷል፤ ከቦታዋ ግን አልተነቃነቀችም።

አቶ ኩማ ኮታቸውን አውልቀው ለያቤጽ አስያዙትና ወደ መጀመሪያው ምሰሶ ሄደው ገመዱን መፍታት ጀመሩ።

«ተዋት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ለእኔ እምቢ ማለት የማትችል ከሆነ ምን ብለን መረጥናት? ና፣ ያዝልኝ፤ በጎን በኩል እንተክለዋለን።»